«ተበረዘ» ማለት ምን ማለት ነው?



ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ቃል ነው። ቃሉን የተናገርሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመዘምራን ክፍል ሦስት ዓመት ያገለገለች አንዲት እኅታችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ወደ ጉባኤያችን መምጣቷ እያነሰ ሄደ። በምታድርበት የተማሪዎች ማደሪያ በአንድ ክፍል አራት ሆነው ይኖራሉ፤ አንዷ ሙስሊም፥ አንዷ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ፥ አንዷ ደግሞ ስለ ሃይማኖት ሲነሣ የምትስቅ ናት። አብረው ያጠናሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አንዷ ስትታመም ሦስቱ ያስታምማሉ። ከእኛ አንዱ እኅታችንን በፕሮቴስታንቷ ልጅ ወንድም ሠርግ ላይ በአዳራሻቸው ተቀምጣ እንዳያት በአገልግሎት ስብሰባችን ላይ ተናገረ። ሌላው «ልጅ ናት፤ እንምከራት» አለ። እኔ ግን ብዙም ሳላስብ «ምን ትመከራለች! እርሷ እኮ ተበርዛለች» አልሁ። ተሳቀ። ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን።

ቃሉ ከስብሰባው ወጥቶ ከእርሷ ዘንድ ደረሰ። ማን እንዳደረሰው አላውቅም፤ ማንም ያድርሰው፥ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሰባት እሑድ አለፈ፤ እርሷም አልመጣችም። በእነዚያ ሰባት እሑዶች እኔም ያን ቃል ይዤ ስዞር ሰነበትሁ። ለመሆኑ ሰው ተበረዘ ሲባል ምን ማለት ነው? ቃሉስ ከየት መጣ?

ቃሉ የመጣው ከጓዳ ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገኝም፤ አያቴን ጠየቅሁ። አያቴ ማር ሲበርዙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ማሩን በንጹሕ ውኃ ይበጠብጡታል፤ ሰፈፉ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይገፉታል፤ ከዚያ ያጠሉታል። ይህ ብርዝ ነው። ለልጅ ይሰጣል፥ ጠጅ ለማይጠጣ እንግዳ ይቀርባል። ጌሾ ገብቶበት ሲሰነብት ደግሞ ጠጅ ይሆናል። እንግዲህ «በረዘ» በአያቴ አፍ ስድብ አይደለም፤ ሥራ ነው፤ ያውም የደግስ ሥራ ነው።

«እማማ፥ የሚበረዘው ማሩ ነው ወይስ ውኃው?» አልኋቸው።

አያቴ ሳቁብኝ። «ልጄ፥ ማር ተበረዘ ይባላል እንጂ ውኃ ተበረዘ ብሎ ነገር አለ?» አሉ።

እኔ ግን ይህ መልስ ትልቅ ነገር የያዘ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱ ነገሮች እኩል ገብተው ተቀላቅለዋል፤ ቃሉ ግን የሚቆመው በማሩ በኩል ነው። ውድ የሆነው፥ ንብ የደከመችበት ማሩ ነውና «ምን ሆነ?» ተብሎ የሚጠየቀው ስለ እርሱ ነው። «ተበረዘ» ያለ ሰው ሳያውቀው «ማር ነበረ» ብሎ መስክሯል። እኔም ስለዚያች እኅት ቃሉን ስናገር ሳላስበው ማር መሆኗን መስክሬላት ነበር። ግን ይህ ምስክርነት በስብሰባው ላይ ማንም የሰማው አልነበረም፤ የተሰማው ውኃው ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ የደግስ ቃል እንዴት የነቀፋ ቃል ሆነ? ይህም ከገበያ የመጣ ይመስለኛል። ስኳር አፍልቶ ከማር ጋር የሚቀላቅል ነጋዴ መኖሩን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ያ ነጋዴ በእጁ የሠራው ሥራ አያቴ ከሚሠሩት ብዙ አይለይም፤ ሁለቱም ማርን ከሌላ ነገር ጋር ደባልቀዋል። ልዩነቱ አያቴ ብርዙን «ብርዝ ነው» ብለው በብርጭቆ ሲያቀርቡት ነጋዴው ግን «ጥሩ ማር ነው» ብሎ መሸጡ ነው። የነቀፋው ሥር መደባለቁ ላይ ሳይሆን ስሙ ላይ ነው፤ አንዱ የሆነውን ይናገራል፥ ሌላው ያልሆነውን።

«ያልተበረዘ ያልተከለሰ» እያልን አዘውትረን የምንናገረው ሁለተኛው ቃልም እንዲሁ ነው። የወፈረ ጠላ ውኃ ሲጨመርበት ተከለሰ ይባላል። ከሁለት ወገን የተወለደን ሰው ክልስ እንለዋለን፤ ይህም ሰውን በጠላ መመዘን ስለ ሆነ ባንለው ይሻል ነበር። ተማሪ ደግሞ ፈተና ሲደርስ ትምህርቱን ይከልሳል፤ ይህ ግን ያስመሰግነዋል።

ቋንቋችን ስለ መቀላቀል ያለው የቃል ሀብት ብዙ ነው። ሽሮና ውኃ ይበጠበጣል። ወጥ ይማሰላል። ዱቄት በዘይት ወይም በቅቤ ይለወሳል። እህል ከእህል ይቀየጣል። ወረቀት ከወረቀት ይደባለቃል፥ ሰው ደግሞ ከሰው ይቀላቀላል፤ አዲስ አባልም ማኅበራችንን «ተቀላቀለ» እንላለን፥ በዚህ ጊዜ ቃሉ የደስታ ነው። እነዚህ ቃላት አንድ ዓይነት ሥራ የሚናገሩ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የተቀየጠውን ስንዴና ገብስ ትዕግሥት ያላት ሴት በሰፌድ ላይ ትለቅመዋለች። የተለወሰውን ዱቄት ግን ከዘይቱ ማን ይለየዋል?

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ በርበሬ ነው። እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ «ንጹሕ በርበሬ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ንጹሕ በርበሬ የሚሉት ምንድር ነው? ዛላው ብቻ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት አለበት፥ ዝንጅብል አለበት፥ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ፥ በሶብላና ጤና አዳም አለበት። ይህ ሁሉ ተደባልቆ፥ ተቀምሞና ተፈጭቶ ነው ንጹሕ የሚባለው! ንጹሕ ያልሆነውስ የትኛው ነው? ቀይ ሸክላ ተፈጭቶ የገባበት። እንግዲህ ንጽሕና ብቻን መሆን አይደለም። ሸክላው በርበሬውን የሚያረክሰው ከውጭ ስለ መጣ አይደለም፤ ኮረሪማውም ከውጭ መጥቷል። ሸክላው የገባው በርበሬ ሊያደርገው ሳይሆን በርበሬ ሊመስል ነው።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ ልለፍ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 ላይ የሰናዖር ሰዎች ግንብ ሲሠሩ እግዚአብሔር ቋንቋቸውን ደባለቀው፤ ስለዚህም የከተማይቱ ስም ባቢሎን ተባለ። በዕብራይስጡ እዚያ የተነገረው ቃል «ባላል» የሚል ነው፤ ደባለቀ ማለት ነው። የባቢሎን ሰዎች ራሳቸው የከተማቸውን ስም «የአምላክ በር» ብለው ይተረጕሙት እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ መጽሐፉ ግን «በር» የተባለውን መደባለቅ ብሎ ሰማው። እስከዚህ ድረስ «ባላል» የቅጣት ቃል ነው ብለን እንደመድም ይሆናል። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ለእግዚአብሔር የሚቀርበው የእህል ቍርባን ዱቄቱ በዘይት እንዲለወስ ሲታዘዝ የተነገረውም ያው «ባላል» ነው። ግንቡን ያፈረሰውና መሥዋዕቱን የሚያዘጋጀው ግሥ አንድ ነው! የአማርኛው ተርጓሚ በአንዱ ቦታ «ደባለቀ» በሌላው «ለወሰ» ብሎ ስለ ለየው አንባቢው አያስተውለውም። ዱቄቱና ዘይቱ ሲለወሱ ቍርባን ይሆናሉ፤ በሰናዖር ሜዳ ግን ሰዎቹ እንዳይሰማሙ ሆኑ። እኔ እንደሚመስለኝ የሚለያቸው መደባለቁ ሳይሆን ከመደባለቁ የሚወጣው ነው።

«ታዲያ መበረዝ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም ልትለን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። የለም አላልሁም፤ አለ። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 በሰማርያ የሰፈሩት ሕዝቦች እግዚአብሔርንም እየፈሩ የየራሳቸውንም አማልክት ያመልኩ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ይህ እውነተኛ መበረዝ ነው። በዘመናችንም «ሁሉም ያው ነው፥ የትም ብትሄድ አንድ ነው» የሚል ለስላሳ ንግግር አለ፤ ይህን የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የራሱንም የሌላውንም ሃይማኖት በቅጡ አላጠናም። ነገር ግን ነቢዩ ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፉ ኢየሩሳሌምን ውኃ በገባበት ወይን ጠጅ ሲመስላት ማንን እንደ ከሰሰ ልብ በሉ። ወዲያው የሚቀጥለው ቍጥር የሚናገረው መማለጃ ስለሚወዱ አለቆች፥ ለድሀ አደግ ስለማይፈርዱ፥ የመበለትን ሙግት ስለማይሰሙ ሰዎች ነው። ነቢዩ እዚህ ላይ ውኃ ያለው ከባዕድ ጋር ማዕድ መቍረስን አይደለም። ጉቦን ነው። በዚህ ሚዛን ብንመዘን በስብሰባችን ከተቀመጥነው መካከል ስንቶቻችን ጥሩ ማር ሆነን እንገኝ ይሆን?

ስለ መቀላቀል ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ ያሰበችው ግን የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ናት። ስሟ ውስጥ ያለው ቃል ስለዚህ ጉዳይ ነውና። «ተዋሕዶ» የመጣው ከ«ወሐደ» ነው፤ አንድ ሆነ ማለት ነው። «አሐዱ» እና «ዋሕድ» ዘመዶቹ ናቸው፤ ዐረቡ «ዋሒድ» ዕብራዊው «ኤሐድ» ሲል የሚናገረው የዚህኑ ቤት ቃል ነው። ሊቃውንቶቻችን ስለ አምላክ ሰው መሆን ሲያስተምሩ ተዋሕዶን ከሌሎች ቃላት እየለዩ ያስረዳሉ፤ ምሳሌዎቻቸውን በሰንበት ትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። ውላጤ መለወጥ ነው፤ የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት እንደ ሆነች። ሚጠት ተለውጦ መመለስ ነው፤ የሙሴ በትር እባብ ሆና ዳግመኛ በትር እንደ ሆነች። ኅድረት ማደር ነው፤ ዳዊት በማኅደሩ እንደሚያድር። ትድምርት መደረብ ነው፤ ልብስ በልብስ ላይ እንደሚደረብ። ቡዓዴ መለያየት ነው። ቱሳሔ ደግሞ መቀላቀል ነው፤ ምሳሌውም ማርና ውኃ ነው። የአያቴ ብርዝ ማለት ነው!

ቱሳሔ ለምን ተነቀፈ? ማርና ውኃ ሲቀላቀሉ የሚገኘው ሦስተኛ ነገር ስለ ሆነ ነው፤ እንደ ማሩ ማር አይደለም፥ እንደ ውኃውም ውኃ አይደለም። ሁለቱም ጎድለዋል። በተዋሕዶ ግን ምሳሌው ብረትና እሳት ነው። ብረቱ ከእሳት ገብቶ ሲግል ያቃጥላል፥ ያበራል፤ ብረትነቱን ግን አልተወም። እሳቱም በብረቱ ሆኖ ይመታል፤ እሳትነቱን ግን አልተወም። አንድ ሆኑ እንጂ አልጠፉም። የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ፥ እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ንስጥሮስን የተከራከረው፥ ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ አንድነት ነው። እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን የተሰበሰቡት ከተዋሕዶ በኋላ ሁለት ባሕርይ ሲሉ አባቶቻችን አልተቀበሉም፤ በዚህም ምክንያት «ባሕርያትን ቀላቀላችሁ፥ የአውጣኪ ወገን ናችሁ» ተብለው እስከ ቅርብ ዘመን ሲከሰሱ ኖሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን አውጣኪንም ታወግዛለች። የሚገርመው፥ ኬልቄዶናውያንም በውሳኔያቸው መቀላቀልን ራሳቸው ነቅፈዋል። ሁለቱም ወገን ቱሳሔን እየነቀፈ አንዱ ሌላውን ሲጠረጥር ከ1,500 ዓመት በላይ አለፈ። በአገራችንም ስለ ጸጋና ስለ ቅባት የተነሣው ክርክር በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በ1870 ዓ.ም. እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ስንት ሰው እንዳቃቃረ ታሪክ ያነበበ ያውቃል። በቃል ተጣልተው ነው ብለን አንናቃቸው፤ ቃል ከባድ ነገር መሆኑን ያውቁ ነበር። በአንጻሩ እኔ ከነቀፋዎቻቸው አንዱን አንሥቼ በሳቅ መካከል በሰው ላይ ወረወርሁት።

በዚህ ላይ ከቀለም ትምህርት አንድ ነገር ልጨምር። የሳይንስ መጻሕፍታችን በአማርኛ «ድብልቅ» እና «ውሕድ» ብለው ይለያሉ። የብረት ብናኝና የድኝ ዱቄት ቢቀላቀሉ ድብልቅ ነው፤ ማግኔት ብረቱን ለቅሞ ያወጣዋል። በእሳት ቢሞቁ ግን ውሕድ ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማግኔቱ ብረቱን ለይቶ ማውጣት አይችልም። «ውሕድ» የሚለው ቃል ከ«ተዋሕዶ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ትርጕሙ ግን አንድ አይደለም። ሃይድሮጅን ይነዳል፥ ኦክስጅን እሳትን ያጋግላል፥ ከሁለቱ የሚገኘው ውኃ ግን እሳት ያጠፋል። በኬሚስትሪው ውሕድ ሁለቱም ጠባያቸውን ይለቃሉ፤ በሊቃውንቱ ቋንቋ ይህ ተዋሕዶ ሳይሆን ወደ ውላጤ የሚያደላ ነው። ይህን የምለው «ሳይንስም ተዋሕዶን መሰከረ» እያሉ የሚጽፉ ወንድሞች ስላሉ ነው፤ ባይጽፉ መልካም ነበር።

ምሥጢረ ሥጋዌን አውርጄ በተማሪዎች ማደሪያ ልለካው አልደፍርም። የቃል ሥጋ መሆን አንድ ጊዜ የተፈጸመ ነው፤ የሰው ከሰው ጋር መኖር በእርሱ አይመሰልም። ነገር ግን አባቶቻችን ስለ መገናኘት ስድስትና ሰባት ቃል እየለዩ ሲናገሩ እኔ አንድ ቃል ብቻ ይዤ መዞሬ አሳፈረኝ። ከሌላው ጋር መኖር መደረብ ሊሆን ይችላል፥ ማደር ሊሆን ይችላል፥ መለወጥም ሊሆን ይችላል። የቱ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ «ተበረዘች» ማለት የቋንቋ ድህነት ነው።

ከዚህም በላይ «ያልተበረዘች ሃይማኖት» ስንል የምንጠራቸውን ቃላት እስቲ እንያቸው። «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ ከአራማይክ ወገን የመጣ ነው። «ጸሎት» እንዲሁ፥ «ምጽዋት» እንዲሁ፥ «ኦሪት»ም እንዲሁ። «ወንጌል»፥ «ጳጳስ»፥ «ዲያቆን» ከግሪክ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ የተሾመ የጢሮስ ሰው ነበር። ግዕዝ እነዚህን ሁሉ ተቀብሎ ግዕዝነቱን አልተወም፤ ዛሬ «ጸሎት» ስንል የባዕድ ቃል የተናገረ የሚመስለው ማን ነው? አባቶቻችን የፈሩት መቀበልን አልነበረም።

ይህን ሐሳቤን በስብሰባው ከእኔ ጋር ለነበረ አንድ ወንድም አጫወትሁት። እርሱ ዝም ብሎ ከሰማኝ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ጥሩ ብለሃል። ግን አንድ ነገር ረሳህ። ማር ራሱ ተበረዝሁ አይልም። ውኃ ጠብታ በጠብታ ሲገባበት ማሩ ምን ያውቃል? ሰውም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ አንድ ጾም፥ ነገ አንድ ቅዳሴ ይተዋል፤ በዓመቱ ያው እኔ ነኝ ይላል።»

ይህ መልስ ከባድ ነው። አሁንም ድረስ ሙሉ በሙሉ አልመለስሁለትም። እውነት ነው፥ በቀስታ የሚቀጥን ሰው መቅጠኑን አያውቅም። ነገር ግን አንድ ነገር መለስሁለት፤ ማር መበረዙን የሚያውቀው የቀመሰው ነው። እኛ መቼ ቀመስን? ትጾም እንደ ሆነ አልጠየቅንም፤ ትቈርብ እንደ ሆነ አልጠየቅንም፤ በዚያ ሠርግ ላይ ለምን እንደ ተቀመጠች እንኳ አልጠየቅንም። ከሩቅ ሆነን ዕቃውን አይተን ፈረድን። ደግሞስ ማር መበረዙን የማያውቅ ከሆነ እኔስ አለማወቄን በምን አውቃለሁ? በየእሑዱ እየተገኘሁ፥ ነጠላ እያጣፋሁ፥ በስብሰባ ላይ ሰው እንዲስቅልኝ በእኅቴ ስም የቀለድሁት እኔ ምን ያህል ውኃ ገብቶብኝ ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ማደሪያዋ ሄድሁ። በግቢው ዛፍ ሥር በድንጋይ ወንበር ተቀመጥን። ሙስሊሟ የክፍል ጓደኛዋ በፌስታል ዳቦ ይዛ መጣችና «ጾም ስለ ሆንሽ ወተት የሌለበቱን ፈልጌ ነው» ብላ ሰጥታት ሄደች። በረመዳን ደግሞ እኅታችን ሰዓት ሞልታ ለሱሑር ትቀሰቅሳት እንደ ነበር ኋላ ነገረችኝ። ወደ ሠርጉ የሄደችው የሙሽራው እኅት እናቷ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ አብራት ስላደረች ነበር፤ በአዳራሹ ጸሎት ሲጀመር ወጥታ ከበር ቆማ እንደ ነበር ነገረችኝ፤ ከእኛ ያያት ሰው ይህን አላየም። ጉባኤያችን የቀረችውም እሑድ ከሰዓት የቤተ ሙከራ ሥራ ስላለባት ነው፤ በዚያው በግቢው አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን ታስቀድሳለች።

«ጥያቄ ልጠይቅህ» አለችኝ። «ያን ቃል ስትናገር እኔ ምን ሆኜ ነው የታየሁህ? ውኃ ነኝ ወይስ ማር?»

አያቴ የነገሩኝን ልነግራት ፈለግሁ፤ ነገር ግን ብልሃት መስሎ ታየኝና ተውሁት። «አላየሁሽም ነበር፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። እርሷም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔስ ይቅር ብያለሁ» አለች። ቀጥላም «ግን ቃሉን የሰሙት አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እዚህ የመጣኸው አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። ትመለስ እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም።

በሚቀጥለው የአገልግሎት ስብሰባችን ያን ቃል በተናገርሁበት ክፍል ቆሜ ስሕተቴን እንድናገርና በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍልኝ ለሰብሳቢው አመልክቻለሁ። ሰብሳቢያችን «በቃል የተባለ ነገር በቃል ቢያልቅ አይሻልም?» አሉኝ። እኔ ግን እንዲጻፍ ለመንሁ። ይህች ጽሑፍም በዚህች ጋዜጣችን እንድትወጣ የጠየቅሁት እርሷ ተስማምታ፥ ስሟ እንዳይነሣ ቃል አስገብታኝ ነው።